የእምቢታው ጥብስ

ካፒቴን ስታን ዙፓን የመጨረሻውን ቁራጭ ሥጋ ሲያገላብጥ ከላይ ፎቅ ጭብጨባና ፉጨት ሰማ። ሽታው ቀድሞት ወሬውን አድርሶበታል።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከገዛ ኪሱ ወፍራም ሥጋ ገዝቶ ለሁሉም የሚጠብስ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተሾመው። ስታን ግን ጠዋት ወደ ዋናው ቢሮ ደውሎ ሹመቱን አልፈልግም ብሏል። ሥጋውን የገዛው ይህን ለባልደረቦቹ በባዶ እጁ መንገር ስላሳፈረው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ውስጥ ሲገባ የኖረ ሰው እንዲህ ይሞኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

የአምስት ጣቢያዎች አለቃ ቢሆን ደሞዙ ያድጋል፣ ነጭ ሄልሜት ይደፋል፣ የራሱ መኪና ይሰጠዋል። ግን አለቃ የትርፍ ሰዓት አይከፈለውም፤ ተግቶ የሚሠራ ካፒቴን ከአለቃው የበለጠ ይዞ ቤቱ የሚገባበት ወር ብዙ ነው። ይህስ ይሁን። አለቃ ከሠራተኛ ማኅበሩም ይወጣል፤ ሲወጣ የጤና መድኑ ይቀየራል። የአለቆቹ መድን ደግሞ የሚስቱን የዶሪንን የካንሰር ሐኪም አይሸፍንም። ዶሪን ከታመመች ወዲህ የምታምነው ያቺን አንዲት ሐኪም ብቻ ነው። ስለዚህ ስታን ለመወሰን ብዙም አልቸገረውም። እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር ነው።

ለአለቅነት ፈተናውን ካለፉት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ካልወጣ ከሥሩ ማንም አይወጣም። የእሱን ወንበር ሌተናንት ማሪሶል፣ የማሪሶልን ደግሞ ሾፌሩ ቴረል ሊይዙ ነበር። የሁሉም የፈተና ውጤት በወሩ መጨረሻ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ መፈተን ነው።

ማሪሶል ቀድማ ወረደች።

"እንኳን ደስ አለህ ካፕ" አለችው፣ ሁሉም ካፒቴኑን እንደሚጠሩት አሳጥራ፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገችው። ዓይኑን ግን አላየችውም።

"ቁጭ በይ እስቲ።"

"ሥጋው እያረረ ነው እኮ።"

"ይረር። እምቢ ብያለሁ።"

"ምኑን?"

"ሹመቱን። የዶሪን ሐኪም በአለቆቹ መድን የለችም። አንቺን ግን ጎዳሁሽ።"

ማሪሶል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስታን መቆንጠጫውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አያት። ለካ ሴትየዋ እየሳቀች ነው።

"አንተ ሰውዬ! ሰሞኑን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የከረምኩት!" እንባዋን ጠረገች። "ልጄ ጁላይ ላይ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋን! አዲስ ካፒቴን የዓመት ፈቃዱን የሚመርጠው ነባሮቹ ከመረጡ በኋላ ነው። ምን እንደሚተርፈኝ ታውቃለህ? ፌብሩዋሪ! ከሌተናንቶቹ ግን እኔን የሚቀድም የለም። ጁላይ የኔ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እኔ እምቢ ብዬ ወንበርህን ለማናውቀው ሰው ልስጠው? እነዚህ ልጆች በሕይወት ይተዉኛል?"

ስታንም ሳቁ አመለጠው። እፎይ አለ፤ ጮክ ብሎ፣ እንደ ሕፃን።

"ሁለታችሁም ተገላገላችሁ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። ቴረል ነው። "እኔስ?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቴረል ክረምቱን በሙሉ የፈተናውን ወፍራም መጽሐፍ የእሳት አደጋው መኪና መሪ ላይ አስደግፎ ሲያጠና የከረመ ሰው ነው።

"አንተን በድዬሃለሁ" አለ ስታን።

ቴረል መጥቶ ተቀመጠ። ቅር አላለውም ማለት ውሸት ነው፤ ለጊዜው ቀና ብሎም አላያቸውም። አንዱን ቁራጭ ወደ ሳህኑ ጎተተ፣ ቆረጠ፣ አላመጠ፣ ደግሞ አላመጠ።

"ካፕ፣ እንኳንም ቀረብህ" አለ በመጨረሻ። "እንዲህ ዓይነት የጫማ ሶል አብልተህን ብትሾም ኖሮ ታዋርደን ነበር።"

"ለፈተናው እኔ አስጠናሃለሁ" አለችው ማሪሶል።

"ታስጠኚኛለሽ እንጂ! እስክፈተን ድረስ ሳህኑን የምታጥቡትም አንቺና ካፕ ናችሁ።"

"እሺ" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ቴረል ከተደረደረው ሥጋ ያላረረውን መርጦ በፎይል መጠቅለል ጀመረ።

"ለዶሪን ከሆነ ተወው" አለው ስታን ቀስ ብሎ። "አሁን ሥጋ አይበላላትም። ሽታውንም አልቻለችው።"

"አሁን ትብላ መች አልኩ? ሲበላላት ትበላዋለች።"

ማርከር አንሥቶ "የዶሪን" ብሎ ጻፈበትና ፍሪዘሩ ውስጥ ከበረዶው ሥር ሸጎጠው። በዚያ ጣቢያ ስም የሌለውን ምግብ ያገኘው ይበላዋል፤ ስም የተጻፈበትን ግን ዓመትም ቢቀመጥ የሚነካው የለም።