ከመታጠፊያው ወዲህ

ሾፌራችን ኢቢሳ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። «ካራን ክሊሪ ዳ?» ይላል፤ መንገዱ ክሊር ነው ወይ ማለቱ ነው። ያዳምጣል። ስልኩን ዝቅ ያደርጋል።

«ሌሊሳ ነው፣ ከነቀምቴ የሚነሳው ሾፌር። ክሊር ነው ይላል። ግን በዓይኑ አላየም፤ ሰው ነግሮት ነው።»

ስለዚህ አንሄድም። የዚህ መንገድ ሾፌሮች ሕግ ይሄ ነው። ከፊታችን ካለው መታጠፊያ ማዶ ያለውን ድልድይ በገዛ ጎማው ያለፈ ሾፌር በስልክ ካልመሰከረ፣ ወይም ከፊት መጥቶ እጁን በመስኮት ካላሳየ ማንም አይንቀሳቀስም። ከጊዳ አያና ከወጣን ጀምሮ ከነቀምቴ በኩል አንድም መኪና አልመጣም። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ሚስቴ ሐረግወይን ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን ሰብስባ ታቃስታለች። ጊዳ አያና ላይ ያየቻት ነርስ ትርፍ አንጀት ነው ብላለች። ዛሬውኑ ነቀምቴ ገብታ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት።

ከኛ ሌላ ሁለት ተሳፋሪ አለ። ፋይዛ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ የሐረግን ራስ ጭኗ ላይ ደግፋ ይዛለች። ኦብሳ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ሲፈራ ያወራል።

«ክሊር ትንሽ ቃል ይመስላል እንጂ ብዙ ነው» ይላል። «ደመና የሌለው ሰማይ ክሊር ነው። ትምህርቱ የገባው ተማሪ፣ ክሊር ነው ቲቸር ይልሃል። ባይገባውም ይልሃል። ፍርድ ቤት በነጻ የለቀቀው ሰውም ክሊር ነው።»

«የኔ ዕቃም ጉምሩክ ሳምንት ተኝቶ ነው ክሊር የሚሆነው» ትላለች ፋይዛ። «ቲቸር፣ እዚህም ፈተና ልታወጣብን ነው?»

ኢቢሳ ይስቃል። ዓይኑ ግን ከመታጠፊያው አይነሳም።

«የምግብ ጠረጴዛ ማንሳትም ክሊር ይባላል» ይቀጥላል ኦብሳ። «ጫካ መመንጠርም። መንደርን ከሰው…»

ይቆማል። ሁላችንም እነዚህን የግጭት ዓመታት እዚህ ነው የኖርነው፤ የምን መንደር ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ውጭ አያለሁ። የበቆሎው አገዳ ከሰው ቁመት በልጧል። ነፋስ የለም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቅጠል ይነቃነቃል። ዝንጀሮ ሊሆን ይችላል። ለማንም አልናገርም።

ያን ጊዜ ማቃሰቱ ያቆማል።

«ሕመሙ ተወኝ» ትላለች ሐረግ። እግሯን ትዘረጋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ እኮ። ቁርጥ አለልኝ።»

ፋይዛ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላታለች። ኢቢሳ ዞሮ ያያታል። «ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እርስዎም ክሊር ሆኑ ማለት ነዋ። እንግዲህ ከተሻለዎት ወደ አያና እንመለስ። ነገ መኪና ሲበዛ አብረን እናልፋለን።»

የሁሉም ፊት ይፈታል። የኔ አይፈታም።

ወርጄ ኢቢሳን እጠራዋለሁ። ሐረግ እንዳትሰማ ከመኪናው ኋላ እንቆማለን።

«ነርሷ ስንወጣ ለብቻዬ ነግራኛለች» እለዋለሁ። «ሕመሙ ድንገት ቢያቆም ደስ አይበልህ ብላኛለች። ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ ማለት ነው። ለጥቂት ሰዓት ደህና ትመስላለች። ከዚያ በኋላ ግን የለችም።»

ኢቢሳ ወደ መታጠፊያው ይዞራል። ባለፈው ክረምት ታጣቂዎች የወንድሙን መኪና ከመታጠፊያው ማዶ አቃጥለውታል።

«አባ ኮ፣ መኪና እየሮጠ ሲመጣ ይተኩሳሉ» ይላል። «ቀስ ብሎ ሲመጣም ይተኩሳሉ።»

«ከፊቱ ሰው ቢሄድስ?»

«ማን ይሄዳል?»

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቼ እዚህ ስሰፍር ጎረቤቴ ታፋ የአገሩን ወግ ነግሮኛል። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲመጣ ሰው አይነካውም፤ ደም ያለበት ቤት እንኳ በሩን ይከፍትለታል። ታፋ ሞቷል። ወጉ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ጎንበስ ብዬ ከመንገዱ ዳር ሣር እነጫለሁ። ኢቢሳ እጄን ያያል። እሱም ጎንበስ ይላል፤ ነጭቶ ይጨምርልኛል።

«ይሄኛው ይረዝማል» ይላል። «ከሩቅ ይታያል።»

ለሁለቱ ተሳፋሪዎች በሹክሹክታ ይነግራቸዋል። ኦብሳ ቦርሳውን ይዞ ይወርዳል። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» ይላል፣ ዓይኔን ሳያይ። አልፈርድበትም። ፋይዛንም ውረጂ እላታለሁ።

«እኔ ከወረድኩ እሷን ማን ይይዛታል?» ትላለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ከመኪናው ፊት እወጣና እራመዳለሁ። ኢቢሳ በአንደኛ ማርሽ ይከተለኛል። ፍርሃቴ እንዳይታወቅብኝ እርምጃዬን አረዝማለሁ። ጸሎት ልጀምር ብዬ መጀመሪያው ይጠፋኛል።

መታጠፊያውን ሳልፍ ድልድዩ ይታየኛል። ሰው የለበትም። ከማዶ ግን ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል፤ የያዘው አፈር ገና እርጥብ ነው፣ ዛሬ የተነቀለ ድንጋይ ነው።

አልቆምም። ሣሩን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሳለሁ።

ከኋላዬ የመኪናው መስኮት ዝቅ ሲል ይሰማኛል። የሐረግ ድምፅ ነው፤ እንደ ልጃገረድ ቀልሏል።

«ምን ሆኖ ነው በእግሩ የሚሄደው?» ትላለች። «ኧረ ንገሩት፣ እኔኮ ድኛለሁ።»