ዝምታን የጻፈው ቦርድ

ሬዲዮ ጠጋኙ የሰማውን ድምፅ ለይቶ የሚጽፍ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ገዝቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘ።

«እንደምን ዋልሽ፣ እታለም?» ብሎ እህቱን ሲጠይቅ ቦርዱ ቃል በቃል ስክሪኑ ላይ ጻፈለት።

«ይሄስ ጆሮ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም» አለ ጠጋኙ።

ከጉሮሮ ሕመሟ ወዲህ ድምፅ የሌላት ታላቅ እህቱ ከጎኑ ተቀምጣ በደስታ አጨበጨበች።

ሁለቱም ዝም እንዳሉ ስክሪኑ ላይ «ጠጋ በል፣ ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የመንገዱ ጫጫታ ይሆናል ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ቦርዱ ግን «ናፍቀኸኛል» ብሎ ቀጠለ።

ወደ እህቱ ዞረ። «እታለም፣ ድምፅሽ ተመለሰ እንዴ?»

ፊቷ አመድ መስሏል። ሁልጊዜ የምታወራበትን ደብተር ስባ «እኔ አይደለሁም» ብላ ጻፈችና አሳየችው።

ማንም ሳይናገር ስክሪኑ ላይ ሌላ ጽሑፍ ወጣ።

«እውነቷን ነው።»