የተከራየው ምላስ

ወይን ቀማሹ ናሁሰናይ ምላሱን ለባለጸጎች ሲያከራይ፣ የሚወሰድበት የወይን ጣዕም ብቻ መስሎት ነበር። ዛሬ የሚጠጣው፣ በዝዋይ አሸዋማ መሬት የበቀሉት የካበርኔና የሜርሎ ወይኖች ቅይጥ የፕሪም ፍሬ ጣፋጭነቱና የቁንዶ በርበሬ ለብላቢነቱ ቀዩን ወይን ከነጩ ለማይለዩ ከበርቴዎች ሆኗል። ለእሱ የቀረለት እርጥበቱ ነው።

ለምሳ ሚስቱ አስካለ ከወይኑ ጋር የበግ ጥብስ አቀረበች።

«ጨዉ እንዴት ነው?»

«ልክ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ግሩም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁንጥር ጨው አልነካውም እኮ!» ብላ ሳቀችበት። «ምላስህን ለእነሱ አከራይተህ፣ ውሸቱን ብቻ ለእኔ አስቀረህልኝ?»

ወይኑን «ኮምጣጣ» ባለች ቁጥር «መሃይም ምላስ!» እያለ ሲንቃት የኖረው ናሁሰናይ ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ፤ ጣዕሙን እንድትነግረውም ለመናት።