የቤት ትሎች

በላቦራቶሪው ሁለት ዓይነት ትል ይገኝ ነበር፤ የእርሻ ትልና የቤት ትል። የእርሻው ከገበሬዎች በቆሎ ላይ ተለቅሞ ይመጣል። የቤቶቹ ግን ከነዘር ማንዘራቸው እዚያው ትሪ ላይ የተወለዱ፣ ለሃያ ስድስት ዓመት መድኃኒት ሸቷቸው የማያውቅ ቅምጥሎች ናቸው።

ቅምጥልነታቸው እስከ ፈተና ቀን ነው። ፀረ ተባይ ሲፈተሽ ሁለቱም ላይ እኩል ይረጫል። የቤቶቹ ሞተው የእርሻዎቹ ከተረፉ፣ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው። የቤቶቹም ካልሞቱ ግን ጥፋቱ የትሉ አይደለም፤ መድኃኒቱ ቀጥኗል።

በዚያ ክረምት ትሉ የአካባቢውን በቆሎ በአንድ ሳምንት ወንፊት አደረገው። ገበሬዎቹ የረጩትን ረጭተው ምንም ጠብ ሳይል ሲቀር፣ ወደ ብቸኛው የመድኃኒት ሻጭ ሱቅ ጎረፉ።

«ውሃ ነው የሸጥክልን!»

«ትሉ ለምዶት ነው» አለ ሻጩ። «በየዓመቱ አንድ ዓይነት ብቻ አትርጩ፣ አፈራርቁ፣ ዳር ዳሩን ጥቂት መስመር ሳትረጩ ተዉ፣ ያልለመደው ዘር ይትረፍና ከለመደው ጋር ይዳቀል ብዬ ስንቴ ለመንኳችሁ?»

«ጭራሽ ለትል ቀለብ እንቁረጥ?» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አትግዙኝ የሚል ነጋዴ ታይቶ አይታወቅምና ምክሩ ራሱ አስጠረጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ውሃ ሻጩ» የሚል ስም ወጣለት።

ገበሬዎቹ ከሰሱት፤ ፖሊስ ከሱቁ የያዛቸው ጣሳዎችም ወደ ላቦራቶሪው ተላኩ። መርማሪዋ የሻጩ ታናሽ እህት ነበረች። ሌላ መርማሪ ደግሞ አልነበረም።

«ለወንድሟ ታደላለች» ተባለ። ሻጩ ግን ደስ አለው።

«ፈትሺው» አላት በስልክ። «የቤቶቹ ይሞታሉ፤ እኔም ነፃ እወጣለሁ።»

«ባይሞቱስ፣ ጋሼ?»

«ይሞታሉ አልኩሽ!»

የላቦራቶሪው ትል አርቢ ትሪዎቹን እንዲያመጣላት ላከችበት። ሽማግሌው ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በሩ ላይ አራግፎ ገባ።

«ዘንድሮ ሠምሮልኛል፣ ልጄ። ሲበሉ ብታዪ አይጠግቡም።»

«እጅዎ ይባረክ፣ አባባ።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ክዳኖቹን አነሳች። የእርሻዎቹ ይሄዳሉ። የቤቶቹም ይሄዳሉ።

እንደገና ፈተሸች። ለሦስተኛ ጊዜ ከሌላ ጣሳ ቀድታ ፈተሸች። ለውጥ የለም። አራተኛ እንዳትሞክር «ለወንድሟ ታደላለች» የሚለው ወሬ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። «መድኃኒቱ ቀጥኗል» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ፖሊሶች ሊወስዱት ሲመጡ ሱቁ በር ላይ አገኘችው። አልተቆጣትም።

«ያየሽውን ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ጠብታ ውሃ አልጨመርኩበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አላት።

ንጋቱን አላየም። በአሥራ አንደኛው ቀን እስር ቤት ውስጥ ልቡ ቆመ።

ዓመት ሞላው። የታሸገው ሱቅ ወደ ሥራ በምትሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ መርማሪዋ ዞራ መሄድ ጀመረች። ዞራም ሄዳ አልተገላገለችውም። በማርቢያው ክፍል ያ ሁሉ ትል ቅጠል ሲቆረጥም ከመሃል የወንድሟን ድምፅ ትሰማለች፤ «ይሞታሉ አልኩሽ!» ይላታል። ያኔ የያዘችውን ትታ ኮሪደሩ ላይ ትወጣለች።

እናቷ ስለዚህ ሥራ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤት ትሎቹ ከሞቱ ልጇ ንጹሕ ነው። መርማሪዋ ከተያዘው መድኃኒት ጥቂት አስቀርታ በየሳምንቱ እንደምትፈትሽም ታውቃለች። ስለዚህ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠይቃታለች።

«ዛሬስ ሞቱ?»

«አልሞቱም፣ እማዬ።»

«እስቲ ለሳምንት ደግሞ።»

አንዳንዴ ወንድሟን ትጠላዋለች። አጭበርብሮ ሞቶ፣ ሞቶም አላሳርፍ አለኝ ብላ ትናደዳለች፤ ወዲያው ደግሞ ሆዷ ይባባል። እያደር ግን ልቧ ቆረጠ። ዕድሜ ልኩን ዋሽቷት የማያውቅ ሰው አንድ ቀን ዋሻት፤ በቃ። የቀረውን መድኃኒት ደፋችው፤ ለእናቷም አለቀ ብላ ነገረቻት። እናቷ ከዚያ ወዲህ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ይህም ከጥያቄው የባሰ ሆነባት።

ሽማግሌው ጡረታ በሚወጣበት ቀን የማርቢያውን ቁልፍ ሊያስረክባት ጠራት። ትሪዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ ምግባቸውን፣ ሙቀታቸውን፣ ጽዳታቸውን አስረዳት። ከዚያ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ፤ እንደ አባት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድንገት ቢያልቁብሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ፣ ልጄ፤ እኔም አምና የወንድምሽ መድኃኒት በሚፈተሽበት ሰሞን ሻጋታ ገብቶ ሙልጭ አድርጎ ፈጅቶብኝ፣ ማንም ሳያውቅ ከገበሬው በቆሎ ላይ ለቅሜ ነው የተካኋቸው።»