ፊደል የታተመበት ቂጣ

«ውረጂ» ትላለች ኤውላሊያ ሲንግ።

በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ባልዲ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛለች። አሜሪካ፣ ዩባ ሲቲ ከተማ ባለው የሕንድ ፑንጃቦች አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሟች እናቷ ሥዕል እየተሣለ ነው፤ ቂጣ ስትዳምጥ። ቀለሙ አልደረቀም። በውሃ ይለቃል።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ትላለች ሠዓሊዋ ጃስሊን ከመሰላሉ ላይ። «እጃቸውን እየጨረስኩ ነው።»

«እኔም የመጣሁት ለእጇ ነው።»

አባቷ ፑንጃቢ፣ እናቷ የሜክሲኮ ሴት ነበሩ። እናትየው የባሏን አገር ቂጣ በራሷ አገር ቃሪያ ለውሳ ትጋግር ነበር። ከፑንጃብ አዲስ የመጡት የሌሎቹ ወንዶች ሚስቶች ግን በዚሁ አዳራሽ «የድብልቅ እጅ» ብለው ሳህኗን መለሱባት። አሁን የእነሱው የልጅ ልጅ ልሣላት አለች። የራሳቸው ሊያስመስሏት ይሆናል፤ ሌላ ምን ይሆናል? ኤውላሊያ ስለ እናቷ ስትጠየቅ፣ ቂጣ ትዳምጥበት ስለነበረው ጠርሙስ ትንፍሽ አላለችም። እናቷን እንደነሱ የእንጨት መዳመጫ አስይዘዋት ካገኘች፣ ጠራርጋ ታጥባታለች።

ጃስሊን ወርዳ ገለል ትላለች።

ኤውላሊያ መነጽሯን ታደርጋለች። የአበባ ቀሚሱ ልክ ነው። ይሁን፣ ከፎቶ ይገለበጣል። እጇ ላይ ግን መዳመጫ የለም። የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ቂጣው ላይም በጠርሙሱ ላይ ጎልቶ የወጣው ፊደል ተገልብጦ ታትሟል።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«አያቴ።»

«ሃርባንስ? ሳህኑን መጀመሪያ የገፋችው?»

«ሰው ፊት ነዋ የገፋችው። እናትዎ በኮክ እርሻው አጥር ሲያቀብሏት ትበላ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። የእንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከዚያ ቂጣ ላይ ነው ትላለች።»

«ለዚህ ነዋ ነገር ሁሉ የሚገለበጥባት።»

ጃስሊን ሳቋን ትውጣለች። «ሁልጊዜ መብላት የምትጀምረው ከጠርዙ ነበር። ቃሪያው እዚያ ይበዛል ብላ።»

ኤውላሊያ ትመለከታታለች። ቂጣው በጠርሙስ ሲዳመጥ ቃሪያው ወደ ጠርዙ እንደሚሸሽም ለማንም አልነገረችም።

ደጅ ወጥታ ውሃውን ትደፋለች። ተመልሳ ባልዲውን ትገለብጥና ሥዕሉ ፊት ትቀመጥበታለች፤ ጨርቁን ከእጇ አልለቀቀችም።

«የቂጣው ጠርዝ ሳስቷል፤ አወፍሪው» ትላለች። «እያየሁሽ ነው።»