አየር የማያስውጥ ጡጦ

የዓይናለም የሁለት ወር ልጅ ጡጦውን በጠባ ቁጥር ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋና እግሩን እያጠፈ ያለቅስ ነበር። አማቷ እማማ ፈለቀች ሊጠይቋቸው ከመጡ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ፤ ቤቱ በፈስ ይናጥ ጀመር። ድምፁ በተሰማ ቁጥር እማማ ፈለቀች ሕፃኑ ወደተኛበት አልጋ ዞር ብለው፣

«እኔ ያን ሁሉ ልጅ ሳሳድግ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም! ጡጦ መምረጥ እንኳ ያቅትሽ?» ይሏታል።

ነገሩ አንጀቷን ቢያቆስላት ዓይናለም ፋርማሲ ሄደች። ሻጯ አየር ማስወጫ ያለው ጡጦ መርጣ ሰጠቻትና፣ «ጫፉ ሁልጊዜ በወተት እንዲሞላ ዘንበል አድርገሽ ያዢው፤ ሲጨርስ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ አስገሺው» አለቻት።

እንደተባለችው አደረገች። ልጁ እንደ ትልቅ ሰው አገሳ፤ ለቅሶውን ትቶ እንቅልፉን ይለጥጥ ጀመር። ፈሱ ግን ጭራሽ ባሰ። ዓይናለም ግራ ገባት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እማማ ፈለቀች ቤተ ክርስቲያን ስመው ሳይመለሱ፣ ልጇን አዝላ ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄደች። ስትመለስ ቤቱ በጠያቂ ጎረቤቶች ተሞልቷል። በሩን ገፋ ስታደርግ ያ የለመደችው ድምፅ ተሰማ፤ ረጅም ነበር፣ አልተቸኮለም።

እማማ ፈለቀች አልጋው ላይ ወደተከመረው ብርድ ልብስ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ይቅር በሉን፣ ልጁ ነው። አዲሱም ጡጦ አልረዳው» አሉ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አለች ዓይናለም፣ የተኛውን ልጇን ከጀርባዋ እያወረደች።