የአባቴ እርማት

አባቴ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ባረፈ በሳምንቱ፣ ለመታሰቢያው የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ለመጻፍ እናቴን ከፊቴ አስቀምጬ የምትነግረኝን በስልኬ ቀረጽኩ። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

"ልብስ ስፌት ቤቱን የከፈተው አንቺ በተወለድሽ ዓመት ነው" አለች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ለብቻዋ ሳቅ አለች። "እሺ፣ ከዚያ በፊት።"

ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጽፍ ቁጭ ብዬ ቀረጻውን ከፈትኩ። እናቴ ዝም ያለችበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁ።

"ከመወለዷ በፊት ነው እንጂ" አለ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ሲያወራ እንደነበረው።

ደጋግሜ ሰማሁት። ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች አዳመጠችው።

"አመሉ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ወሬ አስጨርሶኝ አያውቅም" አለች። "ጠዋት አልሰማሽውም እንዴ?"

ስልኩን አጠፋሁት። እናቴ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ ማዳመጧን ቀጠለች።

"እሺ" አለች በመጨረሻ፣ ከኋላዬ ያለውን በር እያየች። "እነግራታለሁ።"